ይህን ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቁጠሩት

በርሊን በገባሁ በአራተኛው ወር ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ጠበቀኝ። የመብራት ክፍያ አልደረሰንም ይላል። እኔ ግን ከሁለት ቀን በፊት ከፍያለሁ። ጀርመን አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከፍለህም ቢሆን እንዲህ ያለ ፖስታ ስትከፍት እጅህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ ክፍያውን ፈጽመው ከሆነ ይህን ደብዳቤ "ጌገንሽታንድስሎስ" አድርገው ይቁጠሩት። ቃሉን እንደ ኮድ ቆራርጬ ልፈታው ሞከርኩ። "ጌገንሽታንድ" ዕቃ ነው፤ "ሎስ" ደግሞ የሌለው። ዕቃ የሌለው ደብዳቤ። ምን ማለት ነው? አብሮ የሚላክ ዕቃ ነበረ እንዴ?

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሳቀብኝ። "ተወው ማለት ነው" አለኝ። "ዋጋ የለውም፤ እንዳልተጻፈ ቁጠረው።"

ቃሏን ወደድኳት። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በሌላ በር ዞራ መጣችብኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ተወው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አልሆነም።

*

አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው የተማርኩት። አሁን የምሠራው ለአሳታሚዎች የትርጉም ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ከሥነ ጥበብ ጋር የነበረኝ ዝምድና አባዬ ብቻ ነበር። አባዬ በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ መጽሐፍ ነው። ከመጽሐፎቹ መሃል አንድ ወፍራም የሥዕል አልበም ነበረ፤ የሩሲያን ፊደል ያስቆጠረኝ ከሥዕሎቹ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እያሳየ ነው። እና መሥሪያ ቤት "ሩሲያኛ ማንበብ የሚችል አለ?" ሲባል እጄን አወጣሁ። ማንበብማ እችላለሁ። የማነበውን መረዳት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከ2022 ወዲህ በርሊን ውስጥ በሩሲያኛ የሚጽፉ ሠዓሊዎች፣ ጋዜጠኞችና የኤግዚቢሽን አዘጋጆች በዝተዋል። ለከተማዋ አዲስ አይደለም፤ በ1920ዎቹ ሻርሎተንቡርግ የሚባለው ሰፈር በሩሲያ ስደተኞች ከመሞላቱ የተነሣ "ሻርሎተንግራድ" ይባል ነበር። ጽሑፉ በሩሲያኛ ይጻፋል፣ አንባቢው ግን ጀርመናዊ ነው። አንድ አሳታሚ የኤግዚቢሽን ካታሎጎችን፣ ቃለ መጠይቆችንና የሥዕል ሂሶችን በፍጥነት ወደ ጀርመንኛ የሚመልስለት ሥርዓት ፈለገ። እኛም ሠራንለት፦ መጀመሪያ ማሽኑ ይተረጉማል፤ ቀጥሎ ሰው ያርማል፤ በመጨረሻ እኔ የጻፍኩት አንድ ፕሮግራም ሌሊት ላይ ተነሥቶ የሙያ ቃላቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያጣራል።

የሚያርሙት ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሥነ ጥበብ ጽሑፍ ከሩሲያኛ ወደ ጀርመንኛ ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። ድሮ ይከፈላቸው የነበረው ለትርጉም ነበር፤ አሁን ለእርማት ነው፤ እርማት ደግሞ በቃል የሚከፈለው ከትርጉም በጣም ያነሰ ነው። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መጀመሪያ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ ማሽኑ ከጻፈው ውስጥ ስንት በመቶውን ቀየሩ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ማሽኔ ጎበዝ ነው። የእሳቸው ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ግትር አሮጊት መሰሉኝ።

አንድ ቀን ኢሜይል ጻፍኩላቸው። "ይህን ለምን ቀየሩት?" ብዬ። መልሱ ሁለት ገጽ ሆኖ መጣ። ከዚያ በየሳምንቱ መጠየቅ ጀመርኩ።

*

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ "ጥቁር ካሬ" ነበር። ማሌቪች ሥዕሉን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1915 ፔትሮግራድ ውስጥ "0,10" በተባለው ኤግዚቢሽን ነው። የሰቀለው ከፍ አድርጎ በክፍሉ ማዕዘን ላይ ነው፤ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ቅዱስ ሥዕል የሚያስቀምጥበት ቦታ። በካታሎጉ ላይ ያወጣለት ስም "ባለ አራት ማዕዘን" የሚል ብቻ ነበር። አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሩሲያኛ "ካሬ" እና "ካሬው" ብሎ አይለይም። ጀርመንኛ ደግሞ ሳይለይ አያልፍህም። እኛ "ጥቁር ካሬ"ን "ጥቁሩ ካሬ" ለማድረግ አንዲት ፊደል ማጠፍ ይበቃናል፤ ግን "ጥቁሩ" ስንል "ያ የምታውቀው" ማለታችን ነው። በ1915 የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ዛሬ የማያውቀው የለም። ስለዚህ የዘመኑን ተመልካች የሚጠቅስ ጽሑፍ ላይ "አንድ ጥቁር ካሬ"፣ የዛሬ ሃያሲ ሲናገር ግን "ጥቁሩ ካሬ" መሆን አለበት አሉኝ። በሩሲያኛው ሁለቱም አንድ ናቸው። ማሽኔ ሁለቱንም "ጥቁሩ" ብሏቸው ነበር።

ሁለተኛው "ፒሳት" የሚለው ግሥ ነው። በሩሲያኛ መጻፍም ሥዕል መሣልም ፒሳት ነው። ጀርመንኛ ይለያቸዋል። ማሽኑ አንዱን ሠዓሊ "ወንዙን አሥር ዓመት ጻፈው" ብሎት አረፈ። ታዲያ ሁሌ "ሳለ" ብለን እንለፈው? አይሆንም፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሆን ጀርመኖችም ብዙ ጊዜ "ተጻፈ" ማለት ይመርጣሉ፤ ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው ለማለት። አንዱ ገጽ ላይ ሁለቱ ዓይነት ሥዕሎች ጎን ለጎን ከመጡ ተርጓሚው በየመስመሩ መወሰን አለበት። በኢሜይላቸው መጨረሻ "በእናንተ ቋንቋስ?" ብለው ጠየቁኝ። በእኛማ "ሳለ" ሥዕልም ነው፣ ቢላም ነው፣ ጉንፋንም ነው ብዬ መለስኩላቸው። በደስታ የተሞላ መልስ ላኩልኝ፤ ያን ቀን ይመስለኛል የተዋደድነው።

"ፔሬድቪዥኒኪ" የሚባሉ ሠዓሊዎች አሉ። በ1870 ማኅበር አቋቁመው ኤግዚቢሽናቸውን ከከተማ ከተማ ያዞሩ ነበር፤ ሬፒን ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ስማቸው ከቦታ ቦታ ከመንቀሳቀስ የመጣ ነው። በጀርመንኛ "ቫንደረር" ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ፣ መዝገበ ቃላቱም አይከለክልም። ግን ጀርመናዊ "ቫንደረር" ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ ሥዕል ነው፦ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ቋጥኝ ላይ ቆሞ ጉም የሚያይ ብቸኛ ሰው። እነዚያ ሩሲያውያን ደግሞ ሥዕል በሣጥን ጭነው፣ ቲኬት ሸጠው፣ ወጪና ገቢ የሚያሰሉ ሰዎች ነበሩ። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ የሚታየው ሰው ግን ሌላ ነው።

ካንዲንስኪስ? ሞስኮ ተወልዶ ሙኒክ የኖረ ሰው ነው። ስለ ሥነ ጥበብ መንፈሳዊነት የጻፈው መጽሐፍ በ1911 መጨረሻ በጀርመንኛ ወጣ፤ በዚያው ወር የሩሲያኛው ቅጂ ፒተርስቡርግ ውስጥ በሠዓሊዎች ጉባኤ ላይ ተነበበ። ጀርመንኛው "ጋይስቲግ" አእምሮንም መንፈስንም ያቅፋል። ሩሲያኛው "ዱኾቭኒ" ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዘነብላል፤ ልክ እንደ እኛ "መንፈሳዊ"። "መንፈሳዊ ሥዕል" ብላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ጠይቁ፤ ማርያምና ጊዮርጊስ ናቸው የሚመጡላችሁ፣ ካንዲንስኪ አይመጣም።

ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ሌላ ጣጣም ነበር። መጀመሪያ የተጠቀምንበት ሥርዓት ከሩሲያኛ ወደ ጀርመንኛ በቀጥታ አይሄድም፤ በእንግሊዝኛ በኩል ይዞራል። እንግሊዝኛ ላይ "አንተ" እና "እርስዎ" አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ከወጣትነታቸው ጀምሮ "አንተ" የሚባባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ያደረጉት ጭውውት ጀርመንኛ ሲደርስ፣ አንዱ "ያንን ክረምት ታስታውሳለህ?" ሲል ሌላው "እርስዎስ ያስታውሳሉ?" ይለዋል። ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁለት አብሮ አደጎች በድንገት አንቱ ሲባባሉ ተጣልተዋል ማለት ነው። ሩሲያኛም፣ ጀርመንኛም፣ አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቁታል። የጠፋው መሃል ላይ ባለችው ጣቢያ ነው።

ስሞቹማ አይነሡ። "ሽች" ተብላ የምትነበብ አንዲት የሩሲያ ፊደል በጀርመንኛ አጻጻፍ 7 ፊደል ትሆናለች፤ ሽቹኪን የሚባለው የሥዕል ሰብሳቢ ስም ብቻውን የሥዕል መግለጫ ሳጥኖቼን ሰብሮብኛል። ይህ በኮድ ይስተካከላል። በኮድ የማይስተካከለው ማሌቪች የተወለደባት ከተማ ስም ነው። በ1879 ከፖላንዳውያን ወላጆች ኪየቭ ተወለደ። በሩሲያኛው ስሟ ይጻፍ ወይስ በዩክሬንኛው? ሰውየውስ የማን ሠዓሊ ይባል? ሩሲያኛው ጽሑፍ "የሩሲያ ሠዓሊ" ካለ ተርጓሚዋ ዝም ብለው አያልፉም፣ ዝም ብለውም አይቀይሩም፤ ለአዘጋጁ ደውለው ይጠይቃሉ። ናዝሬት ወይስ አዳማ ተብሎ ጠብ ሲነሣ ላየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

*

ወደ ቃሌ ልመለስ።

ማሌቪች ሥዕሉን "አብስትራክት" አላለውም። "ቤስፕሬድሜትኒ" አለው፤ "ፕሬድሜት" የሌለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አብስትራክት የሚያደርግ ሰው ከአንድ ነገር ይጀምራል፣ ከላም፣ ከዛፍ፣ ከዚያ እየቀነሰ እየራቀ ይሄዳል። ማሌቪች መነሻውም ላይ ነገር አልፈለገም። በ1927 የጸደይ ወራት በርሊን መጣ፣ ዴሳው ያለውን ባውሃውስንም ጎበኘ፤ በዚያው ዓመት ባውሃውስ መጽሐፉን በጀርመንኛ አሳተመለት። ርእሱ ላይ "ቤስፕሬድሜትኒ" የሚለውን የተካው የእኔው የመብራት ደብዳቤ ቃል ነው፦ ጌገንሽታንድስሎስ። በ1959 መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሲሆን የተተረጎመው ከዚሁ ከጀርመንኛው ነው። ስለዚህ የዚያ ተርጓሚ ምርጫ የሩቅ አገር አንባቢ ዘንድም ደርሷል።

ሌላም አለ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1922፣ ኤል ሊሲትስኪና ኢሊያ ኤረንቡርግ እዚሁ በርሊን በሦስት ቋንቋ የተሰየመ መጽሔት አውጥተው ነበር። የሩሲያኛው ስም "ቬሽች" ነው፣ ነገር ወይም ዕቃ። የጀርመንኛው ስም "ጌገንሽታንድ"። ማለትም አንድ የጀርመንኛ ቃል በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የሩሲያኛ ቃላትን እንዲሸከም ተደርጓል። አንድ ቃል ለአንድ ቃል ብሎ ዝርዝር ለሚሠራ ሰው ይህ ቅዠት ነው።

እኔ ዝርዝሩን ሠርቼው ነበር። ከ400 በላይ ቃላት። ከመሃላቸው፦ ቤስፕሬድሜትኒ ሁልጊዜ ጌገንሽታንድስሎስ ይሁን። ታሪክ አለው፣ ማስረጃ አለው፣ ባውሃውስ አትሞታል! የሌሊቱ ፕሮግራም ሌላ ቃል ካገኘ ወደዚህ ይመልሰዋል።

አንዲት ሠዓሊ ነበረች፤ በሶቪየት ዘመን ኖራ ያለፈች፣ በሕይወቷ ብዙም ያልታወቀች። በካታሎጋችን ውስጥ ስለ እሷ አንድ ጽሑፍ ነበረ። የሩሲያኛው ጽሑፍ፣ ከአንድ ዓመት ጀምሮ ሥዕሏ ቤስፕሬድሜትኒ ሆነ ይላል፤ ቀጥሎም ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልሸጠች፣ የትም እንዳላሳየች ይናገራል። ተርጓሚዋ ስለ ማሌቪች በሚያወራው አንቀጽ ላይ ጌገንሽታንድስሎስን ትተውታል፣ የታሪክ ቃል ነውና። ስለ ሴትየዋ በሚለው ላይ ግን "ኡንጌገንሽቴንድሊሽ" አደረጉት፤ ትርጉሙ ቅርብ ነው፣ ግን ማንም የክፍያ ማስታወሻ ላይ አይጽፈውም። አንድ የሩሲያኛ ቃል፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት የጀርመንኛ ቃል። ሆን ብለው።

ፕሮግራሜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣና "አስተካከለው"።

ካታሎጉ ታተመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሠዓሊዋ ልጅ፣ እዚሁ ጀርመን የምትኖር ትልቅ ሴት፣ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ለተርጓሚዋ ተላለፈ፣ ለእኛም ቅጂው ደረሰን። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ እናቴ ከዚያ ዓመት ወዲህ የሠራችው ሁሉ ዋጋ ቢስ ሆነ ብላችሁ አትማችኋል፤ በሩሲያኛው እንደዛ አይልም። መጽሐፉ ላይ ያለው የተርጓሚ ስም አንድ ብቻ ነው። የእኔ ስም የትም የለም።

ሎጉን ከፈትኩ። የእሳቸው እርማት ከቀትር በኋላ ተመዝግቧል። የእኔ ፕሮግራም ሌሊት። ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። ለአለቃዬ ነገርኩት። "ደንበኛው የውስጥ አሠራራችንን ማወቅ አያስፈልገውም" አለኝ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እነዚያን ሦስት ቀናት አሳጥሬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሦስት ናቸው።

በአራተኛው ቀን ደወልኩላቸው። ገና መናገር ስጀምር አቋረጡኝ። "አውቃለሁ" አሉ። "የምልከውን ፋይል ሁሉ ቅጂ አስቀራለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"የሚደውል ሰው ይኖር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

የመጨረሻውን የኅትመት ቅጂ ለምን እንዳላዩት ጠየቅኳቸው። ማየት ይከፈልበት የነበረው ድሮ ነው አሉኝ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልጅቷ የይቅርታ ደብዳቤ እኔ እንድጽፍ ተስማማን፤ አለቃዬንም ነግሬው ነው፤ ብዙ ካቅማማ በኋላ "እሺ፣ ግን አጭር ይሁን" አለ። ረቂቁን በጀርመንኛ ጽፌ ለተርጓሚዋ ላክሁት። አብዛኛውን አርመው መለሱልኝ። መጨረሻ ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር "ጌገንሽታንድስሎስ አድርገው ይቁጠሩልን" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ማንም ጀርመናዊ እንዲህ ይላል። ሰርዘውታል። ከጎኑ በቀይ፦ "ይቺን ቃል ለጊዜው አሳርፋት።"

ባልተሸጡት ቅጂዎች ውስጥ የማስተካከያ ወረቀት ገባ። የሌሊቱ ፕሮግራም አሁን ምንም አይቀይርም፤ ልዩነት ካየ ይጠይቃል፣ ሰው ከወሰነ በኋላ ደግሞ አይነካም። ለውጡ አሥራ አንድ መስመር ኮድ መሰረዝ ብቻ ነበር የፈለገው። የእርማት ክፍያው ግን አልተለወጠም፤ እሱ በእኔ ኮድ ውስጥ አይደለም ያለው። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ከእኛ ሥራ አልተቀበሉም። ኢሜይል ግን እንጻጻፋለን።

*

እሑድ ዕለት ለአባዬ ስደውል ነገርኩት። "ቤስፕሬድሜትኒ!" ብሎ ሳቀ። ሌኒንግራድ ሳለ ፍሬ የሌለው ወሬ እንደዛ ይባል ነበር፤ "ስብሰባዎቻችን ሁሉ ቤስፕሬድሜትኒ ነበሩ" አለኝ። ለካ ሩሲያኛውም ውስጥ ያው እሾህ አለ፤ ግን የሚወጋው ወሬን ነው እንጂ ሥዕልን አይደለም።

"በአማርኛ ምን ትለዋለህ?" አልኩት።

"ረቂቅ ሥዕል ነዋ። እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተምረው መጥተው የሳሉት ዓይነት።"

"ረቂቅ ሕግ እንደሚባለው? ገና ያላለቀ?"

ስልኩ ትንሽ ጸጥ አለ። "እኔ እንደዛ አስቤው አላውቅም" አለ። እኔም እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም ነበር። ረቂቅ ስንል የጠለቀ፣ በእጅ የማይጨበጥ ማለታችን ነው። ግን የአማርኛ የሥዕል ሂስ አንድ ቀን በእንደኔ ዓይነቱ ፓይፕላይን ቢያልፍ የገብረ ክርስቶስ ሥዕል "ያልተጠናቀቀ" ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ማን እንደሚደውል እንጃ።

አባዬ ካታሎጉን ላክልኝ አለ፣ ላኩለት። ጀርመንኛ አያነብም፤ ሥዕሎቹን ነው የሚያየው። ሲደርሰው ደወለ። መሃሉ ላይ አንድ ትንሽ ወረቀት ወደቀችብኝ፣ ምን ትላለች? አለኝ። የማስተካከያዋ ወረቀት ናት። ሁለት ዓረፍተ ነገር። በአማርኛ ለመንገር ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።